የገበያው ጋዜጣና የበራሶ ካፖርት

የዘንድሮ ወጣት ጋዜጣ ሲሰጡት አያነብም። መጀመሪያ ያገላብጠዋል፤ ከላይ አርማውን፣ ከታች ማተሚያ ቤቱን ያይና «የማን ነው?» ይላል። የእገሌ ነው ከተባለ «እንግዲያው ምን እንደሚል አውቄዋለሁ» ብሎ ብርጭቆው ሥር ያነጥፈውና ሻዩን ይጠጣበታል። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ሻዬን እጠጣለሁ። አልፈርድበትም። በየትኛው አፌ? ይህንን ጥበብ እዚህ ዲላ ከማንም ቀድሞ ያስተማረ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ልብ በሉ፣ የጋዜጣን ባለቤት መጠየቅ ደግ ነገር ነው። ቤት ስትከራዩ ባለቤቱ ማነው ትሉ የለም? በግ ስትገዙ ከማን ደጅ ወጣ ብላችሁ ትጠይቁ የለም? ጋዜጣም ጌታ አለው፤ ጌታው ወደ ነዳው ይሄዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ከጥያቄው በኋላ የሚመጣው ነው። ባለቤቱን ያወቀ ሰው ሁሉን ያወቀ ይመስለዋል፤ ማንበቡን ይተዋል፣ መጠየቁን ይተዋል፣ ሻዩን ይጠጣል። እኛም መስሎን ነበር። የአንዲት ሴት ነገር ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ጣሊያን ዲላ በገባ ጊዜ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከሸዋ ስመጣ ዳዊት ደግሜ፣ ከዚያ በላይ ሳልገፋ ከመምህሬ ጋር ተኳርፌ ነው የወጣሁት። ግን ፊደል የሚለይ ሰው በጠፋበት ከተማ እንደኔ ያለውም ሹመት አያጣም፤ ሰው ሁሉ «መሪጌታ» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ አይደለሁም እያልኩ እከራከር ነበር። ኋላ ተውኩት፤ ስሙ ደስ ይላል።

የስፌት መኪናዬን ከገበያው ዳር በረንዳ ላይ ዘርግቼ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ እጀ ጠባብ እሰፋለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ኮት እገለብጣለሁ። ለማታውቁት፣ ኮት መገልበጥ ማለት ውጩ ሲያልቅ ስፌቱን ፈትቶ፣ በውስጥ በኩል ያለውን ያልተነካ ጨርቅ ወደ ውጭ አውጥቶ እንደገና መስፋት ነው። በጦርነት ጊዜ አዲስ ጨርቅ ከየት ይመጣል? ከተማው ግማሽ በግማሽ የተገለበጠ ኮት ነበር የሚለብሰው። አንድ ኮት የሚገለበጠው ግን አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛ ልገልብጥህ ቢሉት ሁለቱም ፊቱ አልቋል።

እንግዲህ በዚያ ጊዜ በአማርኛ የተጻፈ ጋዜጣ በካሚዮን ይመጣ ጀመር። ሬዚደንቴ የሚባለው የጣሊያን ሹም በየገበያው ቀን ዋርካው ሥር ይነበብ ብሎ አዘዘ። አንባቢ ማነው ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ፤ የመሪጌታነት ዋጋ ይኸው ነው። እምቢ ማለት ይቻል ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይቻል ነበር። እምቢ ያለው ሰው ኋላ ምን እንደደረሰበት ሄዶ ጠይቆ መመለስ ነበር የማይቻለው። ስለዚህ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ዋርካው ሥር ቆሜ አነበብኩ። የሹሙ አስተርጓሚ አለንጋውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከጎኔ ያዳምጣል፤ አንዲት ቃል ባጎድል ጉዴ ፈላ።

የመጀመሪያው ቀን ጋዜጣ ምን አለ? ወደ ገደብ የሚወስደው መንገድ ፍጹም ሰላም ነው፣ ነጋዴ እየዘፈነ መሄድ ይችላል አለ። ንባቡ ሲያልቅ አባ ሮባ በረንዳዬ ድረስ ተከትለውኝ መጡ። አባ ሮባ ሶንጎ በሚባለው የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ቃላቸው የሚሰማ፣ በቅሎም ቡናም ያላቸው ሰው ነበሩ። በርጩማ ስቤላቸው ተቀመጡ።

«ይሄ ወረቀት የማን ናት?» አሉኝ።

«የመንግሥት።»

«የትኛው መንግሥት?»

«የጣሊያን ነዋ፣ አባ ሮባ።»

ጥቂት አሰቡ። «መንገድ ሰላም ነው አለች?»

«አለ።»

«እንግዲያ በቅሎ አይሂድ» ብለው ተነሡ።

በዚያው ሳምንት በገደብ መንገድ ተኩስ ተከፈተና የሄደው ጭነት ሁሉ መንገድ ላይ ቀረ። የአባ ሮባ በቅሎዎች ግን ጋጣቸው ውስጥ ሣር ያኝኩ ነበር። ከዚያ በኋላ በዲላ ሁለት ንባብ ሆነ። አንደኛው ዋርካው ሥር፣ አስተርጓሚው እየሰማ። ሁለተኛው እኔ በረንዳ ላይ፣ የተቀደደ ሱሪ በሰበብ ይዘው በመጡ ሰዎች መካከል። እኔ መርፌዬን እየሰካሁ ያነበብኩትን አንድ በአንድ እገለብጥላቸዋለሁ። ጨው በሽ በሽ ነው ካለ ሰው ጨው ሊገዛ ይሮጣል። ሽፍቶች አልቀዋል ካለ ሴቶቹ በነጠላቸው ውስጥ ሆነው እልል ይላሉ። አንድ ቀን የሮማ ሕዝብ በደስታ ሰክሮ አደባባይ ወጣ ቢል አባ ሮባ ራሳቸውን ነቅንቀው «ምስኪን፣ እዚያም ርቦታል» አሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ኮርተን ነበር። መሣሪያ የለን፣ ሥልጣን የለን፣ ግን ባለቤቱን አውቀነዋል፤ በገዛ ወረቀቱ እንስቅበታለን። የተያዘች ከተማ ስትስቅ እንዴት ደስ እንደሚል ያልተያዘ አያውቀውም።

ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው በራሶ ነበር። በራሶ ከዱመርሶ ቡና በበቅሎ እየጫነ ዲላ የሚያወርድ የጌዴኦ ሰው ነው። አንዴ ካፖርቱን ሊያስገለብጥ በረንዳዬ መጥቶ ብርቄን አገኛት። ብርቄ የከተማችን ቅቤ ነጋዴ ነበረች፤ የአባቷን ሱሪ ይዛ መጥታ ተራ ትጠብቃለች። ያንን ካፖርት ሆን ብዬ አዘገየሁት። ዛሬ ና፣ ነገ ና እያልኩ ሦስት ሳምንት አመላለስኩት፤ እሷም የአባቷን ሱሪ አንዴ ጠበበ አንዴ ሰፋ እያለች ታመላልሳለች። ካፖርቱ ሲያልቅ ለሠርጉ ለበሰው። ለጋብቻው ክርስትና ተነሥቶ አንድ ረጅም ስም ወጥቶለት ነበር፤ ከቄሱ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ከዚያ ጣሊያኖች በቅሎዎቹን ለጦር ጭነት ወሰዱበት፤ በነጋታው በራሶ የበቅሎዎቹን ዳና ተከትሎ ጠፋ። ከሳምንት በኋላ እሱም በቅሎዎቹም ጫካ ገብተዋል ተባለ። ካፖርቱን ለልጆቹ ብርድ ልብስ ይሁናቸው ብሎ ትቶት ነበር የሄደው።

ብርቄ ከዚያ ወዲያ የገበያ ቀን አታጓድልም። በኮባ የጠቀለለችውን ቅቤ ፊቷ ደርድራ ዋርካው ሥር ከፊት ትቀመጣለች። ምንም አትጠይቅም፤ ስም ሲጠራ ብቻ እጇ ቅቤው ላይ ይቆማል። እኔም ጋዜጣውን ገና ስቀበል በዓይኔ ስሙን ነበር የምፈልገው። ይህንን ነግሬያት አላውቅም።

አንድ የገበያ ቀን ግን ካሚዮኑ ዘግይቶ ደረሰና አስቀድሜ ሳላየው ማንበብ ግድ ሆነብኝ። መሣሪያቸውን ያስረከቡ ሰዎች ዝርዝር ነበር። እያነበብኩ ወርጄ «የዱመርሶው በራሶ እጁን ሰጥቷል፤ በመንግሥት ቸርነት በጤና ይገኛል» አልኩ። ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው።

ብርቄ ቀና ብላ «ይድገሙት መሪጌታ» አለችኝ። ደገምኩት። ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ ሰዉ ዞረች። ሰዉ ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። አባ ሮባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናንተም የኛን አነባበብ ለምዳችሁት ከሆነ ትርጉሙ ገብቷችኋል፤ እጁን ሰጠ ማለት አልሰጠም፣ በጤና ይገኛል ማለት የለም። ብርቄ እሪ ብላ ቅቤዋ ላይ ወደቀች። አስተርጓሚው ግራ ገብቶት «ምን ሆነች? የምሥራች እኮ ነው!» እያለ ይጮኻል። ይህ ጩኸቱ ይባስ አረጋገጠልን።

በማግስቱ ጠዋት ብርቄ በረንዳዬ መጣች። ፊቷ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን የተረጋጋ ነበር።

«ያነበቡት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንዳንዴ፣ አንድ ቀን እንኳ፣ እውነት አይጽፉም?»

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ልጅቱ ያመጣችው ጥፍር የምታህል ተስፋ ነበር፤ አይዞሽ፣ ሰው ልኬ ላጣራ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን አዋቂ ነኛ፤ መሪጌታ ነኛ። መነጽሬን አውልቄ «ብርቄ፣ ባለቤቱን እያወቅሽው?» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። ያን ዕለት ጠጉሯን ተላጨች።

ለቅሶው ትልቅ ሆነ። ጣሊያን እንዳይከለክል ምን ብሎ ይከልክል? በእሱ ወረቀት የሞተ ሰው የለም። አልቃሿ በራሶን እጁን ያልሰጠ፣ አንገቱን ያልደፋ እያለች ስታሞግሰው ሰዉ ደረቱን ይመታል፤ ከሐዘኑ ጋር አንድ ኩራትም ነበረበት። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ ግማሹ ለቀስተኛ ሌላ ማን ሞተ እያለ ይጠያየቅ ነበር። ያንን ሁሉ ሰው አስቡት። አንድ ሰው እንኳ ጣሊያን ካምፕ ድረስ ሄዶ ልጠይቅ አላለም። ለምን ይጠይቃል? እናውቃለና።

ጥቂት ሰንብታ ብርቄ ካፖርቱን አጥፋ አመጣችልኝ። «ለልጆቹ ይቁረጡላቸው፤ አባታቸውን ይልበሱ» አለች። ሥራዬ ነውና ስንቱን ኮት ቆርጫለሁ፣ የዚያን ዕለት ግን እጄ እምቢ አለኝ። የገዛ ስፌቴን፣ ለሠርጉ ያሳመርኩትን፣ በመቀስ ከጀርባው መሐል ለመሐል ሰነጠቅሁት። ከአንዱ ወገን ለታላቂቱ፣ ከሌላው ለታናሺቱ ሁለት ትናንሽ ካፖርት ወጣ። አልቅሻለሁ፤ ለማን ብዬ እደብቃለሁ።

አርባው ቀን ደረሰና ተዝካር ተደገሰ። ኮባ የለበሰ ሰፊ ዳስ ተጥሎ ከተማው በሙሉ ተሰብስቧል፤ እኔ ከአባ ሮባ ጎን ተቀምጫለሁ። እኩለ ቀን ላይ፣ ምግቡ እየቀረበ ሳለ፣ አንድ ከሲታ ሰው በዱላ እያነከሰ በዳሱ በር ገባ። በግራ እጁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዟል። የኔ ቢጤ መስሎን አንዲት ሴት እንጀራ ልትሰጠው ተነሣች። እንጀራው ከእጇ ወደቀ።

በራሶ ነበር።

ደስታ ሆነ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ አልሆነም። የመጀመሪያው ድንጋጤ እንዳለፈ የሰዉ ዓይን ከሰውዬው ፊት ወርዶ ወረቀቱ ላይ አረፈ። እጅ የሰጠ ሰው የሚይዘው የይለፍ ወረቀት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። አርባ ቀን ሙሉ እጁን ያልሰጠ እያለ ደረቱን ሲመታ የከረመ ሕዝብ ፊት በራሶ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል። ከኋላ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ሊወጣ ነጠላውን አጣፋ። በራሶም ገባው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ። ሰው በገዛ ተዝካሩ ላይ ሲያፍር ያየሁት ያኔ ነው።

ብርቄ ተነሥታ ሄደችና ፊት ለፊቱ ቆመች። ፊቱን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ጆሮውን። ከዚያ የተናገረችው ነገር ይህ ነው፦ «ካፖርትህን ቆረጥነው።»

ልጆቹ በሁለቱ ትናንሽ ካፖርቶቻቸው ቀሚሷን ይዘው ያዩታል። በራሶ አያቸው፣ ስፌቱንም አወቀው፤ ቀና ብሎ እኔን ፈለገ። የምገባበት ጠፋኝ።

ይኸኔ አባ ሮባ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። አባ ሮባ ሲነሡ የሶንጎ ሰው ሁሉ ዝም ይላል።

«መሪጌታ፣ ጋዜጣው ስለዚህ ሰው ምን አለች?» አሉ።

«እጁን ሰጥቷል አለ» አልኩ።

«ጋዜጣውን እናውቃታለን አይደል?»

«እናውቃለን» አለ ሰዉ ሁሉ።

«እንግዲያ በራሶ እጁን አልሰጠም» አሉ። ወደ እሱ ዞረው በዱላቸው ባዶ ቦታ አሳዩት። «ና ቁጭ በል፣ ብላ። ድግሱ ያንተ ነው።»

ያን ጊዜ ነው እልልታው የፈነዳው። ቄሱ እየሳቁም እያለቀሱም የተዝካሩን ጸሎት አቋርጠው ምስጋና ጀመሩ። ብርቄ ከአጠገቡ ተቀምጣ በእጇ ታጎርሰው ነበር፤ እሱ ሲያኝክ እሷ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

ምግቡ ካበቃ በኋላ ጠጋ ብዬ ይቅርታ ልጠይቀው ስንተባተብ፣ በራሶ ያንን የድሮ ሳቁን ሳቀና ለምን እንደመጣ ነገረኝ። እግሩ ቆስሎ ጫካ ተኝቶ ሳለ ጨው የተጠቀለለበት ጋዜጣ እጃቸው ገባ። አብሯቸው ያለ ዲያቆን አነበበላቸው። በዲላ የሽፍቶች ቤተሰቦች በሰላም ይኖራሉ፣ ልጆቻቸውም ጠግበው ያድራሉ ይላል።

«በረንዳህ ላይ ያስተማርከኝን አደረግሁ» አለኝ። «ገለበጥኩት። ልጆቼ ርቧቸዋል ማለት ነው አልኩ። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ጠዋት ጠመንጃዬን ለጓዶቼ አስረክቤ፣ ለጣሊያን የምሰጠው ያረጀ አልቤን ጠመንጃ ይዤ ወረድኩ። እግሬ እስኪረግጥ ካምፕ ውስጥ አቆዩኝ።»

ወደ ልጆቹ አየን። የብርቄ ቅቤ ይሸጣል፣ ጎረቤት ቆጮ ያቀብላል፤ ሁለቱም ጉንጫቸው እንደ ድቡልቡል ዳቦ ነበር። ያ ውሸታም ጋዜጣ በዚያን ዘመን ሁለት ጊዜ ብቻ እውነት ቢናገር ሁለቱም ስለ አንድ ቤት ነበር፤ እኛም ሁለቱንም ጊዜ ገለበጥነው። አንደኛው ሰውዬውን ቀበረብን፣ ሁለተኛው መለሰልን። እንዳትሳሳቱ፣ ጋዜጣውን እያሞገስኩ አይደለም። ባለቤቱ እውነት የጻፈው ለሱ ስለተስማማው ነው። ግን ብርቄ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ «አዎ፣ አንዳንዴ ይጽፋሉ» ነበር፤ እኔ አላውቀውም ነበር፣ አላውቅም ማለትም አልቻልኩም።

ሁለቱን ትናንሽ ካፖርቶች ፈትቼ መልሼ አንድ አደረግኋቸው። ያነሰውን በጆንያ ሞላሁት፤ ከጀርባው መሐል ለመሐል እንደ መንገድ የሚሄድ ወፍራም ስፌት ቀረበት። በራሶ ዕድሜውን ሙሉ ለበሰው። አዲስ ልስፋልህ ብለው እምቢ አለኝ።

በረንዳዬ ላይ ያለው ሁለተኛው ንባብ ጣሊያን እስኪወጣ ቀጠለ። ብርቄም ከዚያ ወዲያ ትመጣ ነበር። ሁላችንም ገልብጠን፣ ተርጉመን፣ ስቀን ስንጨርስ ከጥግ ሆና «እውነት ቢሆንስ?» ትለናለች። አንዳንዴ ሰው ልከን እናጣራለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሸት ሆኖ እናገኘዋለን። እሷ ግን በሚቀጥለውም ገበያ ያንኑ ትጠይቃለች።

ዓመታት አለፉ። በራሶ አርጅቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ አልጋው ላይ ሞተ። ይህኛው እውነት ነበር፤ እኔው ራሴ ገንዤዋለሁ። ዳስ ተጣለ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ አባ ሮባ ግን አልነበሩም፤ እሳቸው ቀድመውት ሄደዋል። ብርቄ ጠጉሯን ሁለተኛ ተላጭታ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። በእጇ ጠቀሰችኝና ጎንበስ አልኩላት።

«መሪጌታ፣ ጋዜጣው ስለ በራሶ የጻፈው ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም ብርቄ» አልኳት። «ሹም አልነበረ፣ ምን ብለው ይጽፋሉ?»

ካፖርቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ያንን ወፍራም ስፌት በጣቷ ትከተለዋለች።

«ምናለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሞተ ብለው ቢጽፉልኝ» አለች።

ከዚያ የዳሱን በር አየች። እኔም አብሬያት አየሁ።